ራማን ላይ አዲስ ፒክ መጣብኝ፣ ማግኖን ነው ወይስ ምንድነው? (ማግኔታዊ ቶፖሎጂካል ክሪስታል)

ፎቶን_አሳዳጅ
ሰላም ለሁላችሁ። ማስተርሴን በራማን (ሌዘር አብርቶ ተበትኖ የሚመለሰው ብርሃን ቀለሙ ምን ያህል እንደተቀየረ መለካት) እየሰራሁ ነው፣ ማቴሪያሌ ማንጋኒዝ ቢስሙዝ ቴሉራይድ ነው፣ ከዚህ በኋላ ኤምቢቲ እያልኩ ልቀጥል ካልሆነ ጣቴ ያልቃል። ለማታውቁት፣ ከድሮዎቹ ቶፖሎጂካል ኢንሱሌተሮች (ውስጣቸው ከረንት የማያሳልፍ፣ ገጻቸው ግን የሚያሳልፍ) የሚለየው ማግኔትነቱ በዶፒንግ ከውጭ የገባ ሳይሆን ክሪስታሉ ሲፈጠር ጀምሮ የራሱ መሆኑ ነው። ሰባት የአተም ረድፍ ተደራርቦ አንድ ሌየር ይሰራል፣ ማንጋኒዙ መሀል ላይ ቁጭ ይላል፣ ከ24 ወይም 25 ኬልቪን (የኔል ሙቀቱ ነው) በታች ሲቀዘቅዝ እያንዳንዱ ሌየር ውስጥ ስፒኖቹ (የአተሞቹ ጥቃቅን ማግኔቶች) ወደ አንድ አቅጣጫ ይቆማሉ፣ ቀጣዩ ሌየር ደግሞ ተገልብጦ ይቆማል፣ ማለትም በጠቅላላው አንቲፌሮማግኔት ነው።

እኔ የያዝኩት ወፍራም ክሪስታል ነው፣ በቴፕ ልጬ ንጹህ ገጽ አወጣሁለት። 532 ናኖሜትር ሌዘር፣ ባክስካተሪንግ (ብርሃኑን በገባበት በኩል መልሶ መሰብሰብ)፣ ሂሊየም ክራዮስታት። የሚጠበቁት ፒኮች አሉ፣ 48 አካባቢ፣ 104፣ 113 እና 147 አካባቢ (ሁሉም በኢንቨርስ ሴንቲሜትር)። ችግሩ በቅዝቃዜ ረጅም ስካን ስሰራ ቆይቶ 121 ላይ አንድ ሹል ፒክ ብቅ አለ፣ 141 ላይ ደግሞ እንደ ትከሻ ነገር። የመጀመሪያው ስካን ላይ ጭራሽ አልነበሩም። ከኔል ሙቀቱ በታች ስለሆነ አድቫይዘሬ ማግኖን (የስፒን ሞገድ) ሊሆን ይችላል ብሎ ደስ ብሎታል፣ እኔ ግን ልቤ አልተቀበለውም።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ ይሄ ማግኖን ነው? ሁለተኛ፣ በራማን ብቻ "ይሄ ማቴሪያል ቶፖሎጂካል ነው" ማለት ይቻላል? ምክንያቱም የቴሲሴ ርዕስ ላይ ተጽፏል እና መሸሽ አልችልም 😅

ሄሊየም4
ሌዘርህ ስንት ሚሊዋት ነው? ሳምፕሉ ላይ የሚያርፈውን ማለቴ ነው፣ ሌዘሩ ጀርባ ላይ የተጻፈውን አይደለም።

ኬሚስቷ
ወንድሜ ፓወሩን ሳትነግረንም ልገምት፣ ሳምፕልህን አቃጥለኸዋል። 121 እና 141 የንጹህ ቴሉሪየም ፊርማ ናቸው፣ ማንኛውም ቴሉራይድ ላይ የሰራ ሰው በሆነ ቀን አይቷቸዋል። ሌዘሩ ሲበረታበት ቦንዱ ይላቀቅና ቴሉሪየሙ ገጹ ላይ ይሰበሰባል፣ ቴሉሪየም ደግሞ ራማን ላይ በጣም ጯሂ ነው፣ ትንሽ ናኖሜትር ንጣፍ ብትሆን እንኳ ከስር ያለውን ኤምቢቲ ትውጠዋለች። 92 አካባቢም ደካማ ነገር ፈልግ፣ ካለ ጉዳዩ ተዘጋ።

ማግኖን በጊዜ ብዛት እያደገ አይሄድም እኮ። የመጀመሪያው ስካን ላይ ሳይኖር ቆይቶ የሚመጣ ነገር ኬሚስትሪ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እግረ መንገድህን 62 እና 134 ላይም እይ። እነሱ የቢስሙዝ ቴሉራይድ ናቸው፣ ማንጋኒዝ የሌለበት ማለት ነው። ኤምቢቲ ሲበቅል የሙቀቱ መስኮት ጠባብ ስለሆነ ትንሽ ስትስት ቢስሙዝ ቴሉራይዱ ተለይቶ ውስጡ ይቀራል፣ ክሪስታሉ ደግሞ በዓይን ሲታይ ያው የሚያብረቀርቅ ግራጫ ነገር ነው፣ አይለይም። በማይክሮስኮፕ ስር እየተዘዋወርክ የተለያየ ቦታ ላይ ስፔክትረም ውሰድ፣ 134 አንዱ ቦታ ላይ ኖሮ ሌላው ላይ ከጠፋ ክሪስታሉ አንድ ወጥ አይደለም ማለት ነው።

ፎቶን_አሳዳጅ
@ሄሊየም4 ወደ 2 ሚሊዋት ነው ሳምፕሉ ላይ። @ኬሚስቷ አሁን ሄጄ በማይክሮስኮፕ አየሁት፣ ሌዘሩ ያረፈበት ቦታ ላይ ጠቆር ያለች ነጥብ አለች 🤦🏾 92 ላይም እውነት ለመናገር የሆነ ጉብታ አለ፣ ኖይዝ መስሎኝ ነበር የማየው። ግን እሺ ቴሉሪየም ይሁን፣ ለወደፊቱ እውነተኛ ማግኖን ቢመጣ በምንድነው የማውቀው?

ድሮ_ፊዚክስ
ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ብዙ ሰው ሳይጠይቀው ወደ ፔፐር ይሮጣል።

መጀመሪያ ኢነርጂውን መዝን። 1 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ወደ 8 ኢንቨርስ ሴንቲሜትር ነው። የኤምቢቲ ስፒኖች እርስ በርስ የሚያያዙበት ጉልበት ደካማ ነው፣ ለዚህ እኮ ነው 24 ኬልቪን ላይ የሚፈርሰው። በኒውትሮን የተለካው የስፒን ሞገዱ ባንድ ጠቅላላ ስፋቱ ጥቂት ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ ነው። 121 ማለት 15 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ከባንዱ ጣሪያ በላይ ብዙ እጥፍ ርቆ የተቀመጠ ነገር ማግኖን ሊሆን አይችልም፣ ሁለት ማግኖን አብረው ቢወጡ እንኳ አይደርስም። አድቫይዘርህ ይሄን በወረቀት ጀርባ በሁለት ደቂቃ ማስላት ይችል ነበር፣ ልተወው።

ቀጥሎ ማግኔቲክ ፊልድ። ማግኖን የስፒን መወዛወዝ ስለሆነ ፊልድ ሲጨመርበት ይንቀሳቀሳል፣ ጂ ፋክተሩ 2 ከሆነ በ1 ቴስላ 0.93 ኢንቨርስ ሴንቲሜትር ያህል። ስለዚህ 5 ቴስላ ብታደርስበት ከ4 በላይ መሄድ አለበት፣ ይሄ በደህና ስፔክትሮሜትር በግልጽ የሚታይ ነገር ነው። ፊልዱ 0 ላይም 5 ላይም እዚያው ቁጭ ካለ ፎኖን (የአተሞቹ መወዛወዝ) ነው፣ በቃ። (አንቲፌሮማግኔት ላይ ከስፒን ፍሎፑ (ፊልዱ ስፒኖቹን በድንገት ሲያዘምማቸው) በኋላ ነገሩ ይወሳሰባል፣ ሁሌም ቀጥ ያለ መስመር አትጠብቅ፣ ግን ጭራሽ አለመንቀሳቀስ ጥርጣሬ ነው።)

ክሮሚየም ትራይአዮዳይድ ላይ የሆነውን ታስታውሳላችሁ? እ.ኤ.አ. በ2018 76 እና 125 አካባቢ ያሉ ፒኮች ከኪዩሪ ሙቀት (ማግኔት መሆን ከሚጀምርበት) በታች ብቅ ስላሉ ማግኖን ናቸው ተብሎ ትልቅ ጆርናል ላይ ወጣ። በኋላ ሌሎች ፊልድ ሲጨምሩበት ቦታቸው አልተነቃነቀም። ፎኖኖች ነበሩ፣ ማግኔቱ ሲደራጅ ሲሜትሪው ስለተቀየረ ብቻ ብቅ ያሉ። ትክክለኛው ዝቅተኛው ማግኖን ከዚያ በጣም ወርዶ ጥቂት ኢንቨርስ ሴንቲሜትር ላይ ተገኘ፣ ሌዘሩ ራሱ አፍንጫ ስር ማለት ነው።

ከሙቀት ጋር አብሮ ብቅ ማለት ማስረጃ አይሆንም። ስንቱ ነገር ከሙቀት ጋር ብቅ ይላል።

ዝም_ብዬ_አንባቢ
ይቅርታ ላቋርጣችሁ፣ ፊዚክስ ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ብርሃን ኤሌክትሪክ ፊልድ ነው አይደል፣ ስፒንን እንዴት አድርጎ ነው የሚነካው? የብርሃኑ ማግኔቲክ ክፍል ነው?

ሲሜትሪ_ነው_ሁሉ
@ዝም_ብዬ_አንባቢ የብርሃኑ ማግኔቲክ ክፍል በጣም ደካማ ስለሆነ እሱ አይደለም። ብርሃኑ ኤሌክትሮኑን ወደ ላይኛው ስቴት ለቅጽበት ያነሳዋል፣ እዚያ እያለ ስፒን ኦርቢት ካፕሊንግ የኤሌክትሮኑን እንቅስቃሴ ከስፒኑ ጋር ስላቆራኘው ሲመለስ ስፒኑ ተገልብጦ ሊመለስ ይችላል፣ የጎደለው ኢነርጂ ማግኖን ሆኖ ክሪስታሉ ውስጥ ይቀራል፣ የሚወጣው ፎቶን ደግሞ ያንኑ ያህል ቀይ ሆኖ ይወጣል። አይረን ዳይፍሎራይድ ላይ በ1966 ታይቷል፣ አዲስ ነገር አይደለም። ቢስሙዝና ቴሉሪየም ከባድ አተሞች ስለሆኑ ስፒን ኦርቢታቸው ጠንካራ ነው፣ የሚያስቀው ነገር ማቴሪያሉን ቶፖሎጂካል የሚያደርገውም ያው ስፒን ኦርቢት ነው።

የቀለሙ ለውጥ ምን ያህል እንደሆነ ለማየት ያህል፣ 532 ናኖሜትር ገብቶ የ113ቱን ፎኖን ትቶ ሲወጣ 535.2 ናኖሜትር ይሆናል። 3 ናኖሜትር ቢሆን ነው። ከሚመታው ፎቶን ደግሞ ከብዙ ሚሊዮን አንዱ ነው እንዲህ የሚሆነው፣ የተቀረው ወይ ይዋጣል ወይ ባለበት ቀለም ይመለሳል። ራማን ራሱ በ1928 በፀሐይ ብርሃንና በፊልተር ነበር ያየው፣ እኛ በሌዘርና በቀዘቀዘ ካሜራ እያማረርን ነው።

አሁን ወደ ኤምቢቲ ልመለስ፣ ምክንያቱም ሰው የሚዘለው ነገር አለ። የክሪስታሉ አንድ ዩኒት 7 አተም አለው፣ ማንጋኒዙ በትክክል ኢንቨርዥን ሴንተሩ ላይ ነው የተቀመጠው። ራማን ላይ የሚታይ ሞድ ደግሞ በኢንቨርዥን ስር ሳይለወጥ መቅረት አለበት። ሴንተሩ ላይ ያለ አተም ቢንቀሳቀስ ይሄን ሲሜትሪ ይጥሳል፣ ስለዚህ ራማን ላይ በሚታዩት ስድስት ሞዶች በሙሉ (ሦስት ኤ1ጂ፣ ሦስት ኢጂ፣ እነዚህ የሞዶቹ የሲሜትሪ ስሞች ናቸው) ማንጋኒዙ ንቅንቅ አይልም። የሚወዛወዙት ቢስሙዝና ቴሉሪየም ብቻ ናቸው!

ታዲያ ማግኔት የሆነው አተም ካልተንቀሳቀሰ ፎኖኑ ማግኔቱን እንዴት ያውቃል? በቴሉሪየሙ በኩል ነዋ። የማንጋኒዝ ስፒኖች እርስ በርስ የሚነጋገሩት መሀላቸው ባለው ቴሉሪየም ነው፣ ቴሉሪየሙ ሲወዛወዝ አንግሉ ይቀየራል፣ አንግሉ ሲቀየር የኤክስቼንጁ (የዚህ ንግግር) ጥንካሬ ይቀየራል። ስፒኖቹ ሲደራጁ የፎኖኑ ፍሪኩዌንሲ ትንሽ ሸርተት የሚለው ለዚህ ነው። ስለዚህ @ፎቶን_አሳዳጅ 24 ኬልቪን አካባቢ የፒኮቹን ቦታ፣ ስፋትና ጥንካሬ በጥቃቅን ስቴፕ ለካ፣ ከዚያ በላይ ያለውን በተለመደው የአንሃርሞኒክ ከርቭ (ማግኔት ባይኖር ፎኖኑ ከሙቀት ጋር የሚቀየርበት) ፊት አድርግና ወደታች ዘርጋው። ከርቩ በዚያ ቅዝቃዜ ጠፍጣፋ ነው የሚሆነው፣ ስለዚህ ዳታው ከሱ ከራቀ በግልጽ ይታያል።

ሄሊየም4
ከመልካም ምኞት ጋር፣ ሳምፕሉ 24 ኬልቪን ላይ ካልሆነ ግን ይሄ ሁሉ ከንቱ ነው። ክራዮስታቱ 10 ኬልቪን ቢልህ የሚነግርህ የቴርሞሜትሩን ቦታ እንጂ ሌዘሩ ያረፈበትን አንድ ማይክሮን ነጥብ አይደለም። ኤምቢቲ ብርሃን በጣም ይውጣል፣ ሙቀት ደግሞ በደንብ አያስተላልፍም። በ2 ሚሊዋት አንተ ስትለካ የነበረው አንቲፌሮማግኔቱን መሆኑን እጠራጠራለሁ።

ግምት አያስፈልግም ደግሞ፣ ፎኖኑን ራሱን ቴርሞሜትር አድርገው። የ48ቱን ፒክ በሁለቱም በኩል ለካ፣ ስቶክስና አንቲ ስቶክስ። ስቶክስ ማለት ፎቶኑ ፎኖን ትቶ ሲወጣ ነው፣ አንቲ ስቶክስ ማለት ፎኖኑ ቀድሞ ኖሮ ፎቶኑ ይዞት ሲወጣ ነው፣ ስለዚህ ጥንካሬው ስንት ፎኖን በሙቀት ተቀስቅሶ እንዳለ ይነግርሃል። የሁለቱ ሬሾ ኤክስፖኔንሻል ነው። ሳምፕሉ በእውነት 10 ኬልቪን ከሆነ ለ48 ሬሾው ከሺህ አንድ ገደማ ይወጣል፣ አንቲ ስቶክሱን አታየውም ማለት ይቻላል። 20 ኬልቪን ላይ ከመቶ 3 ይሆናል፣ 30 ኬልቪን ላይ ከአስር አንድ። እና ስክሪኑ 10 ኬልቪን እያለ የአንቲ ስቶክሱ ፒክ አንድ አስረኛ ሆኖ ከታየህ ነጥቧ 30 ኬልቪን ነው፣ ከኔል በላይ፣ ማግኔት የለም።

ለዚህ የ113ቱን አትጠቀም፣ በዚህ ቅዝቃዜ አንቲ ስቶክሱ ዜሮ ነው።

ፓወሩን ወደ 100 ማይክሮዋት አውርደው፣ ከተቻለም በታች። ስካኑ ይረዝማል፣ ይርዘም፣ ማታ ለቀህ ሂድ። በየጥቂት ስካኑ አንድ አጭር ቼክ አድርግ 121 ላይ ምንም እንዳልበቀለ። ሌላው መንገድ ፓወሩን ግማሽ አድርገህ ፒኩ ቦታውን ከቀየረ ታሞቀው ነበር ማለት ነው፣ ካልቀየረ ደህና ነህ።

ፎቶን_አሳዳጅ
ይሄን ሬሾ ማንም አልነገረኝም፣ እግዜር ይስጥህ። ነገ በዝቅተኛ ፓወር አዲስ ቦታ ላይ እጀምራለሁ።

ሁለተኛውን ጥያቄ ግን ማንም አልነካውም። ቶፖሎጂው የታለ? ጋሽ ድሮ እርስዎ ምን ይላሉ?

ድሮ_ፊዚክስ
አይታይም። አጭሩ መልስ ይሄ ነው፣ የሚቀጥለው ማብራሪያ ነው።

ቶፖሎጂ የባንዱ ጠቅላላ አጠማዘዝ ነው፣ አንድ ፒክ ላይ አይጻፍም። መዘዙ የሚታየው ገጹ ላይ ነው፣ የገጹ ስቴት ደግሞ ውፍረቱ ጥቂት ናኖሜትር ነው። አረንጓዴ ብርሃን እንደዚህ ዓይነት ቴሉራይድ ውስጥ ከዚያ በላይ ይጠልቃል፣ ስለዚህ ስፔክትረምህ አብዛኛው የውስጡ ነው። በዚያ ላይ የፎቶኑ ሞመንተም ትንሽ ነው፣ 532 ናኖሜትርን ከ0.43 ናኖሜትር የክሪስታል ዩኒት ጋር አስተያየው፣ ከሺህ እጥፍ በላይ ልዩነት ነው። ስለዚህ ራማን የሚያየው የብሪሉዋን ዞኑን መሀል ብቻ፣ ማለትም ሞመንተሙ ዜሮ የሆነውን ነው። ባንዱን በሞመንተም ማየት የፈለገ አርፔስ (ኤሌክትሮኖቹን በብርሃን አስወጥቶ መለካት) ይስራ፣ ኤጁን ማየት የፈለገ ትራንስፖርት ይለካ። ኳንተም አኖማለስ ሆል (ያለ ውጭ ፊልድ ከረንት በኤጁ ያለ ኪሳራ ሲሄድ) የተረጋገጠው በ2013 በክሮሚየም ዶፕድ ፊልም 30 ሚሊኬልቪን ላይ ነው፣ ኤምቢቲ ላይ ደግሞ 2020 ላይ 5 ሌየር ባለው ቁራጭ 1.4 ኬልቪን ላይ። ሁለቱም በቮልቴጅና በከረንት ነው፣ በብርሃን መበተን አይደለም።

አርፔሱ ራሱ እንኳ ኤምቢቲ ላይ አልተስማማም እኮ፣ የገጹ ጋፕ (በኢነርጂ ባንዶቹ መሀል ያለ ክፍተት) አለ ያለ አለ፣ የለም፣ ክፍት አይደለም ያለ አለ፣ ቲዎሪው 88 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ብሎ ነበር። በቀጥታ የሚያየው መሳሪያ ይሄን ያህል እየተጨቃጨቀ ራማን ዳር ቆሞ "እኔ አየሁ" ሊል ነው?

ዩሮፒየም ካድሚየም አርሴናይድንም አትርሱ። ለዓመታት ንጹሁ ማግኔታዊ ዋይል ሴሚሜታል (ሌላ ዓይነት ቶፖሎጂካል ማቴሪያል) እሱ ነው ተብሎ ስንት ተጻፈበት። በ2023 በጣም ንጹህ ክሪስታል ላይ በኦፕቲክስ ሲለካ 0.77 ኤሌክትሮን ቮልት ጋፕ ያለው ተራ ማግኔታዊ ሴሚኮንዳክተር ሆኖ ተገኘ። ያ ሁሉ ቶፖሎጂ ክሪስታሉ ውስጥ ያለ ቆሻሻ ያመጣው ቻርጅ ነበር። ስለዚህ ርዕስህ ላይ ያለው "ቶፖሎጂካል" የማቴሪያሉ ስም ይሁን፣ የአንተ ውጤት አይሁን።

ሲሜትሪ_ነው_ሁሉ
ጋሼ ከግማሹ ጋር እስማማለሁ፣ "አይታይም" የሚለው ግን በዛ።

ቢስሙዝ ሴሌናይድ ላይ (ማግኔት አይደለም፣ ግን ለጉዳዩ ይሆናል) በ2017 የወጣ ስራ አለ፣ የሌዘሩን ኢነርጂ ከገጹ ስቴት ጋር ሬዞናንስ አድርገው ፖላራይዜሽኑን በጥንቃቄ ሲለዩት 150 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ አንድ ሹል ፒክ አገኙ፣ ኤ2 በሚባለው ሲሜትሪ ብቻ የሚታይ። የገጹ ዲራክ ኤሌክትሮኖች (ቶፖሎጂው ገጹ ላይ የሚያመጣቸው) በአንድነት የሚወዛወዙበት ስፒን ሞድ ነው፣ እስከ ክፍል ሙቀት ድረስ አለ። ከውስጡ የሚመጣው ፎኖን 25 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ሳይደርስ ያልቃል፣ ስለዚህ የሚምታታበት ነገር የለም። የገጹ ምልክት ደካማ ቢሆንም ትክክለኛው ቻናል ላይ ካዳመጡት ይሰማል ማለት ነው። ስለዚህ ነገሩ ሬዞናንስና ሲሜትሪ ነው፣ ጥልቀት ብቻ አይደለም።

የብሪሉዋን ዞን መሀል ብቻ የሚለውም ኤምቢቲ ላይ በሚያምር መንገድ ተጥሷል። በ2022 በማግኔቲክ ፊልድ ውስጥ ራማን ሰርተው የፎኖኖቹ ጥንካሬ ማግኔቱ ፌዝ በቀየረ ቁጥር ሲዘል አዩ፣ ክሪስታሉ ግን መዋቅሩ አልተለወጠም። ማብራሪያው ደስ ይላል፣ የዞኑ ዳር ላይ ያለ ፎኖን አንዱ ሌየር ወደ ውስጥ ሲል ቀጣዩ ወደ ውጭ ነው፣ እያፈራረቀ። ለብቻው ራማን ላይ የተከለከለ ነው። ግን ስፒኖቹም ሌየር በሌየር እያፈራረቁ ነው የቆሙት። ሁለቱ ሲገናኙ መፈራረቁ ይሰረዛል፣ የተጣራው ሞመንተም ዜሮ ይሆንና ብርሃኑ ያየዋል። ፊልድ ጨምረህ ስፒኖቹን ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ስታቆማቸው የሚያጣፋው ነገር ይጠፋል፣ ምልክቱም አብሮ ይጠፋል።

ይሄ ቶፖሎጂን ማየት ነው አልልም። ግን ኤምቢቲ ላይ ቶፖሎጂው በማግኔቱ አደራደር ላይ የተንጠለጠለ ነው፣ የሌየሩ ቁጥር ጎዶሎ ከሆነ አንድ ፌዝ፣ ተጋማሽ ከሆነ ሌላ፣ በፊልድ ካስተካከልከው ደግሞ ሦስተኛ። አደራደሩን ሌየር በሌየር፣ አንድ ማይክሮን ነጥብ ላይ፣ ሽቦ ሳትበይድ የሚነግርህ መሳሪያ ንገሩኝ። ኒውትሮን ትልቅ ክሪስታል ይፈልጋል፣ ሁለት ሌየር ቁራጭ ላይ ጭራሽ የማይሆን ነው። በራማን ግን ባለ ሁለት ሌየር ኤምቢቲ ላይ ማግኖኑን ከአንቲፌሮ ወደ ዘመመ ከዚያ ወደ ፌሮ ሲሄድ ተከታትለውታል፣ የአናይሶትሮፒውን (ስፒኑ አንድን አቅጣጫ ምን ያህል እንደሚመርጥ) እና የሌየር መሀል ኤክስቼንጁን ቁጥር አውጥተውበታል። ይሄ ትንሽ ነገር ነው?

ድሮ_ፊዚክስ
ትንሽ አይደለም፣ ማግኔቱን በደንብ ያያል፣ ክርክሬም እሱ ላይ አልነበረም። የቢስሙዝ ሴሌናይዱን ስራ አውቀዋለሁ፣ ጥሩ ስራ ነው፣ ግን ገጹ ላይ ዲራክ እንዳለ በአርፔስ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር። የማይታወቅ ማቴሪያል ላይ ያንን ፒክ ብቻ አይተህ ቶፖሎጂካል ነው ትላለህ? እኔ አልልም።

ሲሜትሪ_ነው_ሁሉ
እኔም አልልም። እዚህ ላይ ተስማማን በሉ 😄

ካጎሜ_ናፋቂ
ክሩን ልጥለፍና፣ እኔ ኮባልት ቲን ሰልፋይድ ነው የምሰራው፣ ዋይል ሴሚሜታሉ፣ ኪዩሪ ሙቀቱ 177 ኬልቪን ስለሆነ ናይትሮጅን ይበቃኛል (ቅናት ይግባችሁ)። ራማን ላይ ሁለት ፒክ ብቻ ነው የማየው፣ 290 አካባቢ እና 385 አካባቢ። በዩኒቱ ውስጥ 7 አተም እያለ ሁለት ብቻ? የሆነ ነገር እየጠፋብኝ ነው ወይስ?

ሲሜትሪ_ነው_ሁሉ
ምንም አልጠፋብህም፣ ሁለት ብቻ ነው ያለው። ያው የላይኛው ታሪክ ነው፣ ኮባልቱም ሁለቱም ቲኖች ኢንቨርዥን ሴንተር ላይ ናቸው፣ የሚቀረው ሰልፈር ብቻ ነው። ሁለት ሰልፈር አንድ ኤ1ጂ አንድ ኢጂ ይሰጥሃል፣ የላይኛው ኤ1ጂ ነው። ሦስተኛ ፒክ ካየህ ነው መደንገጥ ያለብህ። ፖላራይዜሽን ክሮስ ስታደርግ (የሚገባውና የሚለካው በ90 ዲግሪ ሲለያዩ) ኤ1ጂው መጥፋት አለበት፣ እሱን ቼክ አድርግ፣ ካልጠፋ ወይ አላይንመንትህ ነው ወይ ከ177 በታች ማግኔቱ የሲሜትሪ ህጉን እየቀየረ ነው፣ ሁለቱን የሚለየው ከ177 በላይ ደግመህ ስትለካ ነው።

ሜታል ስለሆነ ደግሞ የፒኩን ቅርጽ ልብ በል፣ ከኤሌክትሮኑ ጋር የሚጣበቅ ፎኖን ግራና ቀኙ እኩል አይሆንም። በሎሬንዚያን (ግራና ቀኙ እኩል በሆነ ከርቭ) ፊት እያደረክ ስፋቱን ከዘገብክ ውሸት ቁጥር ታወጣለህ።

ፎቶን_አሳዳጅ
እሺ ተመለስኩ። 100 ማይክሮዋት፣ አዲስ ቦታ፣ ረጅም ስካን። 121 የለም፣ 141 የለም፣ 92 የለም። የ48ቱ አንቲ ስቶክስ ከኖይዙ አይለይም፣ ስለዚህ ነጥቧ ቀዝቃዛ ናት። 134 ላይም ምንም የለም፣ ክሪስታሉን ላበቀለልኝ ሰው ምስጋና ይድረሰው። 24 አካባቢ የፎኖኑ ጥንካሬ ላይ ለውጥ ያለ ይመስላል፣ ነጥቦቹ ገና ስስ ናቸው፣ ምንም አልልም።

አድቫይዘሬን ስለ 15 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልቱ አወራሁት፣ ትንሽ ዝም አለና "በል ማግኔት ያለው ክራዮስታት እንከራይ" አለ። 9 ቴስላ ያለው ቤት ተገኝቷል። ስፒን ፍሎፑን 3.5 ቴስላ አካባቢ፣ ሙሉ በሙሉ መሰለፉን ደግሞ 8 ገደማ እጠብቃለሁ፣ ሁለቱንም ይሸፍናል። ማግኖኑ ራሱ ግን ክፍተቱ ከ1 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት በታች ስለሆነ እኛ ያለን ፊልተር የሚበቃ አይመስለኝም፣ 10 ኢንቨርስ ሴንቲሜትር ላይ ይቆርጣል።

ድሮ_ፊዚክስ
አይበቃም። 5 ድረስ የሚወርድ የብራግ ፊልተር ተዋስ፣ ወይም ሦስት ግሬቲንግ ያለው የድሮ ስፔክትሮሜትር አቧራውን አራግፈህ ተጠቀም። ከዚያም በታች ከሆነ ብሪሉዋን ስካተሪንግ (ከራማን ያነሰ የቀለም ለውጥ የሚለካው) ነው፣ ፋብሪ ፔሮ ያላቸው ሰዎች ጋ ሂድ፣ 1 ኢንቨርስ ሴንቲሜትር 30 ጊጋኸርዝ ነው፣ እነሱ እዚያ ነው የሚኖሩት። ለአሁኑ ግን ማግኖኑን ተወው፣ የፎኖኑን ጥንካሬ በፊልድ ተከታተል፣ ለማስተርስ ከበቂ በላይ ነው።

ሄሊየም4
ፊልድ ውስጥ ከመግባትህ በፊት አንድ ነገር፣ ይሄ ብዙ ሰው የሚያስለቅስ ነው። ኦብጀክቲቩ ማግኔቱ ውስጥ ከሆነ ወይም ጠርዙ ላይ ከሆነ መስታወቱ ራሱ ፖላራይዜሽኑን ያዞርብሃል፣ ፋራዴይ ሮቴሽን። የሚያናድደው ሲገባም ሲወጣም ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚያዞር ይደመራል እንጂ አይሰረዝም። ስለዚህ 0 ቴስላ ላይ ክሮስ ያደረግከው 5 ቴስላ ላይ ክሮስ አይደለም፣ ኤ1ጂው ሾልኮ ይገባል፣ አንተ ደግሞ "ማግኔቱ የሲሜትሪ ህጉን ሰበረ" ብለህ ትጽፋለህ። የአንተ ሙሉ ስራ የፒክ ጥንካሬ በፊልድ ስለሆነ በቀጥታ የሚመታህ ይሄ ነው።

መፍትሄው ቀላል ነው ግን አሰልቺ ነው፣ ከሳምፕሉ ጎን ቁራጭ ሲሊከን ለጥፍ፣ በእያንዳንዱ ፊልድ ላይ መጀመሪያ የ520ውን ፒክ ለካ፣ ሲሊከን ማግኔት ስላልሆነ የሚያሳይህ ለውጥ በሙሉ የኦፕቲክሱ ነው። ሃፍ ዌቭ ፕሌቱን እስኪስተካከል አዙር፣ አንግሉን መዝግብ፣ ከዚያ ወደ ኤምቢቲው ሂድ። ፊልዱን ገልብጠህም (ፕላስና ማይነስ) ለካ።

ኬሚስቷ
ሲሊከኑን በብር ፔስት ለጥፈው፣ በካርቦን ቴፕ አይደለም፣ ቴፑ በቅዝቃዜ ይላቀቅና ማግኔቱ ውስጥ ይወድቅብሃል። ክሪስታሉንም ልጠህ ወዲያው አስገባው፣ ቀናት አየር ላይ ከቆየ ገጹ ኦክሳይድ ይሆናል።

ፎቶን_አሳዳጅ
ብር ፔስት አለን። ሲሊከኑ 100 ኦሪየንቴሽን ነው፣ ጠርዙን ከፖላራይዘሩ ጋር በ45 ላድርገው ወይስ ቀጥ?

ሄሊየም4
ጠርዙ አብዛኛውን ጊዜ 110 ነው። ቀጥ ካደረግከው ፓራለል ላይ ይበራል፣ ክሮስ ላይ ይጠፋል፣ ያ ነው የምትፈልገው፣ ምክንያቱም ዜሮን መፈለግ ከማክሲመም ይቀላል። ቀጥ አድርገው።